ፈረንሳይ የስፖርት መኪናዎቿን ማን ገደለባት? አንድ ክር ከነመልሶቹ

የመክፈቻው ጽሑፍ አጭር ነው። ጣሊያን ፌራሪና ማዜራቲ አላት። ጀርመን ፖርሼ አላት። እንግሊዝም አስቶን ማርቲንንና ሎተስን ይዛ ቀርታለች። ፈረንሳይ ግን ከ2ኛው የዓለም ጦርነት በፊት ቡጋቲ፣ ደላኤ፣ ደላዥና ታልቦ የሚባሉ ነበሯት፤ እነዚያ ሁሉ የት ገቡ? ጠያቂው እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። አላቆመም። መንግሥት በቀረጥ ገደላቸው ብሎ መልሱንም ራሱ ሰጠ።

ጠይቆ ራሱ የሚመልስ ሰው ክር ሲከፍት ነገሩ እንደሚረዝም የታወቀ ነው። ረዘመም፤ 31 መልስ ደረሰ። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ለሌለው ሰው ከላይ እስከ ታች እተርከዋለሁ። ፍሬ የሌለውን እዘላለሁ፤ የራሴንም ሐሳብ ጣል አደርጋለሁ።

ቁጥር 1 ከሊዮን የሚጽፍ ጨዋ ሰው ነው። ጠያቂውን አመስግኖ የቀረጡን አሠራር አስረዳ። ፈረንሳይ ውስጥ መኪና የሚቀረጠው በቀረጥ ፈረስ ነበር። ይህ ፈረስ ሞተሩ ከሚያወጣው ጉልበት ጋር አይገናኝም፤ በዋናነት ከሞተሩ መጠን ተሰልቶ የሚወጣ ቁጥር ነው። የሲትሮየን 2 ሴቪና የሬኖ 4 ሴቪ ስም የመጣው ከዚያ ነው። ታልቦ-ላጎ ቲ26 ደግሞ ባለ 4.5 ሊትር ሞተር ስለነበረች 26 ፈረስ ተብላ ተመዘገበች። የቀረጧን ልክ ስሟ ላይ ለጥፋ የምትዞር የቅንጦት መኪና ማለት ናት። በ1956 ደግሞ የገንዘብ ሚኒስትሩ ፖል ራማዲዬ ለአረጋውያን ድጎማ የሚሆን ዓመታዊ የመኪና ግብር አመጣ። ትልቅ ሞተር ያለው ሰው የበለጠ ከፈለ። በዚህ ስሌት ቁጥር 1 ከጠያቂው ጋር ይስማማል።

ቁጥር 2 እሱም ይስማማል፤ ሌላ ነገር አልጨመረም።

ክሩ የሞቀው ቁጥር 3 ላይ ነው። የታሪክ መምህር ነኝ ይላል፤ አጻጻፉም ያስታውቃል። የ1956ቱ ግብር ደላኤን ሊገድለው አይችልም አለ፤ ደላኤ በ1954 ከሆችኪስ ጋር ተዋህዶ የቤት መኪና መሥራቱን አቁሟልና። ኤቶሬ ቡጋቲም በ1947 አርፏል፤ ፋብሪካው ከዚያ በኋላ ወደ ቀድሞ ክብሩ አልተመለሰም። ሬሳ ላይ ግብር አይጣልም ለማለት ነው። ጣቱን የቀሰረው ሌላ ነገር ላይ ነው። ከጦርነቱ ማግስት ብረት ጠፍቶ ነበር። ፖል-ማሪ ፖንስ የተባለ ባለሥልጣን ማን ምን ዓይነት መኪና እንደሚሠራ የሚደለድል እቅድ አወጣ። ሬኖ፣ ሲትሮየን፣ ፔጆ፣ ሲምካና ፓናር ድርሻ ድርሻቸውን አገኙ። ለቅንጦትና ለስፖርት መኪና ግን ቦታ አልነበረም። ላሜራ በራሽን በሚታደልበት አገር ከዝርዝሩ ውጭ መሆን ምን ማለት እንደሆነ ለኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ቁጥር 4 ጠያቂው ራሱ ነው። እቅዱም ቢሆን የመንግሥት ነው፤ ስለዚህ ገዳዩ ያው ነው አለ። መሸነፍ አይወድም። ቁጥር 5 ደላኤ የሚኖረው በስፖርት መኪና ብቻ እንዳልነበር አስታወሰ፤ ጭነት መኪናና የእሳት አደጋ መኪናም ይሠራ ነበር። ለፈረንሳይ ጦር የሠራት ትንሿ ጂፕ በጣም የተራቀቀች ከመሆኗ የተነሳ ጦሩ በመጨረሻ ቀለል ያለችውን የሆችኪስ ጂፕ መረጠ። እኔ ይህን መልስ ወድጄዋለሁ፤ ማንም አላነሳውም እንጂ የደላኤን ጠባይ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

ቁጥር 6ን የጻፉት ክሩ ውስጥ ሁሉም ጋሼ የሚላቸው ሰው ናቸው። ፈረንሳይ ውስጥ ጋራዥ ሲሠሩ ያረጁ መካኒክ ናቸው። ስለ ቀረጥ ትንፍሽ አላሉም። በቀጥታ ወደ ቡጋቲ ታይፕ 35 ሄዱ። ይቺ መኪና በ1924 ሊዮን ላይ በፈረንሳይ ግራንድ ፕሪ ብቅ ስትል ጎማዋ እየተላላጠ አስቸገራት። ከ1925 እስከ 1929 ግን በሲሲሊ ተራራ የሚካሄደውን ታርጋ ፍሎሪዮን አምስት ዓመት በተከታታይ አሸነፈች። ጋሼን የያዛቸው ግን ድሉ አይደለም፤ ቸርኬው ነው። ቸርኬው ስምንት ጠፍጣፋ ክንድ ያለው የአሉሚኒየም ቅልጥ ነው። የፍሬኑ ታምቡር ከቸርኬው ጋር አንድ አካል ሆኖ ተሠርቷል። ስለዚህ ጎማ ሲፈታ ታምቡሩም አብሮ ይወጣል፤ የፍሬን ሸራው ምን ያህል እንደተበላ ወዲያው ይታያል። ሰውየው ጎማ እየቀየረ ፍሬን ይመረምራል፤ ሁለት ሥራ በአንድ ጉልበት። የፊቱ አክስ ደግሞ ውስጡ ባዶ ነው፤ ባሌስትራው በጎኑ ሳይሆን በአክሱ ውስጥ ሰርጎ ነው የሚያልፈው። ይህን ያሰበ ጭንቅላት ይገርማል ብለው አደነቁ።

አድንቀው አላበቁም። ይኸው ሰው ሌሎች የዘይት ፍሬን ካስገቡ ከዓመታት በኋላ እስከ 1938 ድረስ በገመድ ፍሬን ሙጭጭ ብሎ ቀረ ሲሉ ወቀሱት። ደንበኛው ቢለምነውም አይሰማም። እንደ ጋሼ አባባል እነዚህን ፋብሪካዎች የበላቸው ኩራታቸው ነው።

ቁጥር 7 ጨዋነቱን ጣለው። ለመሆኑ ቡጋቲ ፈረንሳዊ ነው ያለው ማነው ብሎ ገባ። ኤቶሬ የተወለደው በ1881 ሚላን ነው። ፋብሪካውን በ1909 አልዛስ ውስጥ ሞልሻይም ላይ ሲከፍት አልዛስ በጀርመን እጅ ነበረች። የታልቦው አንቶኒ ላጎ የቬኒስ ልጅ ነው። የሬኖን ሞተሮች ያበረታው አሜዴ ጎርዲኒም ጣሊያን ውስጥ ቦሎኛ አጠገብ ነው የተወለደው። ስለዚህ ፈረንሳይ ያልነበራትን ነገር አጣች ብሎ ማልቀስ አይቻልም አለ። አነጋገሩ ሻካራ ነው፤ መረጃው ግን ትክክል ነው።

የመለሰችለት ከስትራስቡርግ የምትጽፍ እህታችን ናት፤ ቁጥር 8። ወንድሜ ብላ ጀመረች፤ ከወንድሜ በኋላ የመጣው ግን ወንድማዊ አልነበረም። መኪና ዜግነቱ የሚቆጠረው በባለቤቱ እትብት ከሆነ ግማሹ የዓለም ፋብሪካ አገር አልባ ሊሆን ነው አለች። መኪኖቹ የተወዳደሩት በፈረንሳይ ሰማያዊ ቀለም ነው። ደግሞስ ሉዊ ደላዥን ምን ሊለው ነው? ደላዥ የኮኛክ ልጅ ነው። በ1927 ሾፌሩ ሮቤር ቤንዋ ባለ 1.5 ሊትር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር ደላዥ ይዞ አራት ትልልቅ ግራንድ ፕሪ አከታትሎ አሸነፈ፤ የፈረንሳይን፣ የስፔንን፣ የአውሮፓንና የእንግሊዝን። ሰውየው ግን ባወጣው ወጪ ፋብሪካውን አደከመው። በ1935 ደላኤ ገዛው። ደላዥ በ1947 በድህነት ሞተ። እሷ እንደምትለው ፋብሪካው የተሸጠው ከፖንስ እቅድም፣ ከራማዲዬ ግብርም በፊት ነው፤ ታዲያ በማን ይላከካል?

ቁጥር 9 ነገሩን ለማብረድ ይመስላል የ1938ቱን የፖ ግራንድ ፕሪ ተረከ። መርሴዲስ አዲሱን ደብልዩ 154 ይዞ መጣ። ሬኔ ድሬይፉስ የተባለው ፈረንሳዊ አይሁዳዊ ባለ 12 ሲሊንደር ደላኤ ያዘ፤ ጉልበቷ ከመርሴዲስ ግማሽ ቢሆን ነው። ወጪውን የሸፈነችው ሉሲ ኦራይሊ ሼል የተባለች አሜሪካዊት ባለጸጋ ናት። የፖ ከተማ መንገድ ጠባብና ጠመዝማዛ ስለሆነ ትርፍ ጉልበት ብዙም አይጠቅምም። መርሴዲስ ነዳጅ ሊቀዳ ቆመ። ደላኤ ሳትቆም ጨረሰች፤ አሸነፈችም። ድሬይፉስ ኋላ አሜሪካ ገብቶ ኒው ዮርክ ላይ ምግብ ቤት ከፈተ።

ከ10 እስከ 13 ያሉት ከርዕሱ ወጥተዋል። ሞተር እየለኩ መቅረጥ ሲነሳ የኛ ሰው ዝም ሊል አይችልም። አንዱ የኢትዮጵያን ኤክሳይዝ አነሳ፤ እስከ 1300 ሲሲ፣ እስከ 1800 ሲሲ፣ ከዚያ በላይ እያለ የሚያድገውን። አዲስ አበባ በቪትዝ የተሞላችው በዚህ ነው አለ። ሌላው ቪትዝ የበዛችው ነዳጅ ስለምትቆጥብና መለዋወጫዋ ስለማይጠፋ ነው ብሎ ተከራከረ። ሦስተኛው አሁን የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከልክሎ ስለ ሲሲ የሚያወራ ሰው ማየቱ እንደሚገርመው ጻፈ። አራተኛው ሁሉንም ተሳደበ፤ ጽሑፉም ተነሳ።

ወደ ቁም ነገሩ የመለሰን ቁጥር 14 ነው። የክሩ ምርጥ መልስም እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ፋሴል ቬጋን አመጣ። ዣን ዳኒኖስ ለሲምካና ለፓናር የመኪና አካል የሚያትም ፋብሪካ ነበረው። በ1954 ፋሴል ቬጋ ብሎ የራሱን መኪና ይዞ ወጣ። ሞተሩ ትልቅ የአሜሪካ ክራይስለር ቪ8 ነው። ያ ሁሉ ቀረጥ እያለ ባለ ቪ8 መኪና ገዢ አገኘ፤ የፊልም ተዋናዮችና የውጭ ባለገንዘቦች ተሻሙባት። ክሩስኮቷ የዋልነት እንጨት ይመስላል። እንጨት ግን አይደለም። ላሜራ ላይ በእጅ የተቀባ ቀለም ነው። ጠጋ ብሎ ጥፍሩን ያላስነካ ሰው አያውቅም።

ከዚያ ዳኒኖስ ብልጥ ልሁን አለ። ቀረጧ የማይከብድ፣ ሞተሯም ፈረንሳዊ የሆነ ትንሽ መኪና አሰበ። ፋሴሊያ ተባለች፤ ባለ 1.6 ሊትር፣ በራሱ ላይ ሁለት ካምሻፍት ያለው ሞተር ተገጠመላት። ሞተሩን የሠራው ካምቢዮ በመሥራት የሚታወቀው ፖንት-አ-ሙሶን ነው። ፒስቶኑ ይቃጠል ጀመር። ደንበኛው መኪናውን እየጎተተ መለሰ፤ የዋስትናው ወጪ ፋብሪካውን አራቆተው። በኋላ የቮልቮ ሞተር ቢገጠምም ጊዜው አለፈ። በ1964 ተዘጋ። በጠቅላላው የሠራው መኪና 3,000 አይሞላም። የቁጥር 14 ነጥብ ይኼ ነው፤ በቀረጥ የተቀጣችው ትልቋ መኪና ኩባንያውን ስታኖረው፣ ከቀረጥ የሸሸችው ትንሿ ናት የቀበረችው። ጠያቂው ለዚህ እስከ መጨረሻ መልስ አልሰጠም።

ፋሴል ቬጋ ሲነሳ አልበር ካሙ መነሳቱ አይቀርም፤ ቁጥር 15 አነሳው። ደራሲው በጥር 4 ቀን 1960 ቪልብልቫን አጠገብ የሞተው ሚሼል ጋሊማር በሚነዳት ፋሴል ቬጋ ውስጥ ነው፤ ኪሱ ውስጥ ያልተጠቀመበት የባቡር ትኬት ተገኘ። ቁጥር 16 መኪናዋን ሊከስሳት ፈለገ፤ ጋሼ በቁጥር 17 ዛፍ የመታች መኪና ሁሉ ስሟ ይጠፋል ብለው በአንድ መስመር ዘጉት።

ቁጥር 18 ላይ የክሩ ድምፅ ተቀየረ። የስትራስቡርጓ እህታችን ነገሩን ከፋብሪካ ወደ ሰዎቹ መለሰችው። በ1929 የመጀመሪያውን የሞናኮ ግራንድ ፕሪ በአረንጓዴ ቡጋቲ ያሸነፈው ዊሊያም ግሮቨር-ዊሊያምስ በጦርነቱ ጊዜ የእንግሊዝ ሰላይ ሆኖ ፈረንሳይ ገባ። የ1927ቱ ባለ ድል ሮቤር ቤንዋም አብሮት ሠራ። ቤንዋ በ1944 ቡኸንቫልድ ካምፕ ውስጥ ተገደለ። ግሮቨር-ዊሊያምስም ከጀርመኖች እጅ አልወጣም። ሌላው የቡጋቲ ሾፌር ዣን-ፒየር ዊሚል ግን ተረፈ። በመስከረም 1945 ፓሪስ ውስጥ ቡዋ ደ ቡሎኝ ላይ ውድድር ሲጀመር ዋናውን ዙር ዊሚል በቡጋቲ አሸነፈ፤ በዚያው ቀን ከተደረጉት ውድድሮች አንዱ በቤንዋ ስም የተሰየመ ነበር። ቁጥር 19 ይህ ከርዕሱ ምን አገናኘው ብሎ ጻፈ። ቁጥር 20 በሙሉ እሱን ለመውቀስ የዋለ ነው። ይገባዋል።

ቁጥር 21 ስለ ታልቦ ነው። በ1950 ሉዊ ሮዚዬ የ24 ሰዓቱን የሌማን ውድድር በታልቦ ሲያሸንፍ ልጁ የነዳው ጥቂት ዙር ብቻ ነው፤ ቀሪውን አባት ብቻውን ጨረሰው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ፒየር ለቬግ በታልቦ ያንኑ ሊያደርግ ሞከረ። ባልደረባው እየጠበቀ መሪውን አልሰጥም አለ። 22 ሰዓት አልፎ እየመራ ሳለ፣ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ሞተሩ ተሰበረ፤ መርሴዲሶች አንደኛና ሁለተኛ ወጡ። ቁጥር 22 ደክሞት ካምቢዮ አሳስቶ ነው ይላል። ቁጥር 23 ሞተሩ አስቀድሞ ታሞ ነበር፤ ለቬግ መሪውን ያልሰጠውም ያንን ስላወቀ ነው ባይ ነው። ሁለቱ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተመላልሰው፣ መጨረሻ ላይ አንዱ ሌላውን መንጃ ፈቃድ አለህ ወይ እስከማለት ደረሱ። ፈረንሳዊ መኪና ሌማንን ዳግም ያሸነፈው በ1972 ነው፤ ሚሳይል ይሠራ የነበረው ማትራ። ይህን የጻፈው ሰው ቁጥር አልተሰጠውም፤ የቁጥር 23 አባሪ አድርጎ ነው ያስገባው።

ቁጥር 24 የኔ ነው። አልፒን ሳይነሳ ክሩ ሊያልቅ መሰለኝና ገባሁ። ዣን ሬዴሌ ዲዬፕ ውስጥ የሬኖ ሻጭ ነበር። በዚያች በምስኪኗ 4 ሴቪ እየተወዳደረ የአልፕስ ተራሮችን ወጣ ወረደ፤ በ1955 ኩባንያ ሲያቋቁም ስሙን ከዚያው ወሰደ። በ1962 የወጣችው ኤ110 ከመሬት እስከ ጣሪያ 1 ሜትር ከ13 ብቻ ናት። አካሏ ፋይበር ግላስ ነው። መሃሏን አንድ ወፍራም ቱቦ እንደ አከርካሪ ያልፍበታል፤ ሞተሩ ከኋላ ተንጠልጥሏል። የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች 1 ሊትር እንኳ አይሞሉም ነበር። ሾፌሩ መሬት ላይ ቁጭ ያለ ያህል ነው፤ እግሩን ቀጥ አድርጎ ዘርግቶ። በዚህች ነው በ1971ና በ1973 የሞንቴ ካርሎ ራሊ የተሸነፈው፤ በ1973 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠውን የዓለም የራሊ ዋንጫም አልፒን ወሰደ።

ልል የፈለግኩት ይኼ ነው። ቀረጡ የነበረውን ዓይነት መኪና አከበደው፤ አዎ። ግን አልፒንን የመሰለ መኪና የተወለደው በዚያው ቀረጥ ምክንያት ነው። ትልቅ ሞተር ካልተፈቀደልህ ክብደት ትቀንሳለህ። ሲትሮየን ማዜራቲን ገዝቶ በ1970 ኤስኤምን ሲሠራ ቪ6 ሞተሩን ከ2.7 ሊትር በታች ያደረገው ከ15 የቀረጥ ፈረስ ላለማለፍ ነው። ደላኤና ታልቦ ግን ከጦርነቱ በኋላም የ1930ዎቹን ከባድ መኪና ነበር የሚሸጡት፤ ያንን ለመግዛት አቅም ያለው ሰው ደግሞ ጃጓር ኤክስኬ120ን አየ፤ ፈጠነችም፣ ረከሰችም። ታልቦን ከማንም በላይ የጎዳው ይህ ነው የሚል አቋሜን እስካሁን አልቀየርኩም።

ቁጥር 25 አመሰገነኝ፤ አስከትሎም አልፒን በፈረንሳይ ብቻ እንዳልተሠራች ጨመረ። ሜክሲኮ ውስጥ ዲናልፒን፣ ቡልጋሪያ ውስጥ ቡልጋራልፒን በሚል ስም ተሠርታለች። የኮሚኒስት ቡልጋሪያ የስፖርት መኪና! ቁጥር 26 ይህን አላምንም ብሎ ተከራከረ፤ ፎቶ ተለጠፈለትና ጠፋ።

ቁጥር 27 ላይ ጠያቂው የመኪኖቹን መጨረሻ ጠየቀ። እህታችን የሙሉዝን ሙዚየም ነገረችው። ሽሉምፕፍ የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበራቸው። በድብቅ መኪና ያሰባስቡ ነበር፤ ከ400 በላይ፣ ከመቶ የሚበልጠውም ቡጋቲ። ከስድስቱ የቡጋቲ ሮያል ሁለቱ እዚያ ናቸው። አዳራሹን የፓሪሱን የአሌክሳንድር ሣልሳዊ ድልድይ ፋኖስ አስመስለው ባሠሯቸው የመብራት ምሰሶዎች ሞሉት። ፋብሪካው ከሰረ፣ ወንድማማቾቹ ወደ ስዊዘርላንድ ሸሹ። በ1977 ሠራተኞቹ በሩን ሰብረው ሲገቡ ደመወዛቸው የት እንደገባ አዩ። ሙዚየሙ በ1982 ለሕዝብ ተከፈተ። ቁጥር 28 ወንድማማቾቹን ቅርስ አዳኝ አላቸው። ቁጥር 29 ሌባ አላቸው። እኔ ከ29 ጋር ነኝ፤ ቡጋቲዎቹ ደህና መቀመጣቸው ግን ደስ ይለኛል።

ቁጥር 30 ላይ ጠያቂው ስለ ገዳዩ መከራከሩን ተወና ጋሼን ምክር ጠየቀ። ለካ ሰውየው አንድ ኤ110 ሊገዛ ነው፤ ክሩንም የከፈተው በዚያ ሰበብ ነው። ጋሼ በቁጥር 31 ቀለሙን አትይ አሉት። ፋይበር ግላስ አይዝግም፤ ስለዚህ ላይዋ ሁሌም ታምራለች። ውስጧ ያለው ሻንሲ ግን ብረት ነው። ሊፍት ላይ አስወጥተህ ቱቦዎቹ የሚጋጠሙበትን፣ በተለይ የፊት እግሮቹ የሚያያዙበትን ቦታ በመብራት እይ፤ አዲስ ብየዳ ካየህ ማን እንደበየደው ጠይቅ። ሻጩ ሊፍት ላይ አላስወጣም ካለ መኪናዋን ተዋት አሉት።